በሊሾ ሜዳ ላይ የተፈተነ የቅርጫት ኳስ ጫማ፤ ከ60 ምሽት ጨዋታ በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ጫማውን የገዛሁት ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካለ አንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሲሆን፣ የከፈልኩበትም 6,200 ብር ነው። ቁጥሩ 43 ነው፤ አንዱ እግር በሱቅ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ 410 ግራም መዝኗል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ በሳምንት ሦስት ምሽት ተጫውቼበታለሁ፤ በዐቢይ ጾም ጥቂት ምሽቶች ቢጓደሉም ጠቅላላው ከ60 ምሽት አያንስም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንድን የመጫወቻ ጫማ ሱቅ ውስጥ ለክቶ ወይም ሁለት ቀን ሮጦበት መመዘን አይቻልም ብዬ ስለማምን ነው። ጫማ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነው። ጠባዩ የሚታወቀው ጥርሱ መበላት፣ ስፖንጁ መተኛት፣ ማስቲሹም መልቀቅ ሲጀምር ነው።

የአምራቹን ስም አልጠቅስም። በእኛ ገበያ አንዱ ስም በኦርጅናሉም፣ በኮፒውም፣ ከውጭ በመጣው ልባሽ ላይም ስለሚገኝ፣ በእኔ ጥንድ ላይ ያየሁትን ጉድለት በዚያ ስም ላይ መለጠፍ ለአንባቢም ለአምራቹም ፍትሐዊ አይሆንም። ጫማው ምን ዓይነት እንደሆነ ግን በዝርዝር ልግለጸው፤ ተመሳሳዩን የሚፈልግ ሰው በዓይኑና በእጁ ሊለየው ይችላል። አንገቱ አጭር ነው፤ ቁርጭምጭሚትን አይሸፍንም። የላይኛው አካሉ ከተሸመነ ጨርቅ የተሠራ ሲሆን፣ በአውራ ጣት በኩል ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። መካከለኛው ክፍል ኢቪኤ የሚባለው የተለመደ ፎም ነው፤ ከውስጥ እግር ቅስት በታች ጫማው እንዳይጠማዘዝ የሚይዝ ጠንካራ ፕላስቲክ ተቀብሮበታል። የታችኛው ጎማ ለስለስ ያለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚግዛግ የተቀረጸ ጥርስ ያለው ነው። ስለ ራሴም አንባቢው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ 78 ኪሎ እመዝናለሁ፣ የምጫወተው በጋርድነት፣ ማለትም ከቀለበቱ ራቅ ብሎ ኳስ እያነጠረ በሚያቀብል ተጫዋች ቦታ ነው፣ የግራ ቁርጭምጭሚቴም ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ዞሯል። ከባድ ክብደት ያለውና ከቀለበቱ ሥር የሚታገል ተጫዋች የእኔን አስተያየት ይህን ግምት ውስጥ አስገብቶ እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

ስለ ጫማው ከመናገሬ በፊት ስለ ሜዳው መናገር ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የቅርጫት ኳስ ጫማ የሚታሰበውና የሚሠራው ለእንጨት ወለል ነው። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቡድኖች የሚጫወቱበት ወለል በአብዛኛው ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተነጠፈ፣ ከሥሩ ተጣጣፊ ድጋፍ ያለው፣ በጨዋታ መካከል እየተወለወለ የሚጸዳ ነው። እኛ የምንጫወትበት ግን ጣሪያ የሌለው የሊሾ ሜዳ ነው። ስፋቱ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ ቀለበቱም በ3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅሏል። ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነው፤ መሐሉ ላይ ሊሾው አልቆ አሸዋው የወጣበት፣ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ገና እንደ መስታወት ልሙጥ የሆነበት ቦታ አለ። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል የሚነፍሰው ንፋስ ከአጠገባችን ካለው ያልተነጠፈ መንገድ ላይ ቡናማ አቧራ እያነሳ ያለብሰዋል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች በአንድ ሩጫ ውስጥ ሻካራ፣ ልሙጥና አቧራማ ወለል በየተራ ይረግጣል። በባሕር ዳር የሚጫወት ሰው ጫማ ሲመርጥ ከምቾቱም ከመልኩም አስቀድሞ ጎማው ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚቆነጥጥና ስንት ወር እንደሚዘልቅ መጠየቅ አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

መሬት በመቆንጠጥ ረገድ ይህ ጫማ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እጅግ ያስደሰተኝ ነበር። ሜዳው ተጠርጎ በሚገኝባቸው ምሽቶች፣ ኳስ እያነጠርኩ በሙሉ ፍጥነት ሄጄ በድንገት ስቆም እግሬ ካረፈበት ንቅንቅ አይልም ነበር። የዚግዛግ ጥርስ ጥቅሙ ተጫዋቹ ወደየትኛውም አቅጣጫ ቢገፋ የጥርሱ ስለት የሚቋቋምበት ጎን ማግኘቱ ነው፤ ቀጥ ባሉ መስመሮች ብቻ የተቀረጸ ጎማ ግን ወደ ፊት ሲይዝ ወደ ጎን ይለቃል። ይህን ለማረጋገጥ ከአሮጌው ጫማዬ ጋር አነጻጽሬዋለሁ፤ በቀኝ እግሬ አዲሱን፣ በግራዬ አሮጌውን አድርጌ ከመሐል መስመር እስከ ሦስት ነጥብ ቅስቱ ድረስ እየሮጥኩ በየተራ በአንዳንድ እግሬ ቆሜአለሁ። አሮጌው ከጣት ርዝመት የሚበልጥ መስመር በአቧራው ላይ እየጎተተ ሲሄድ አዲሱ የጥርሱን ቅርጽ ጥርት አድርጎ አትሞ ቀርቷል።

አቧራው ሲበዛ ነገሩ ይለወጣል። በዚግዛጉ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ በመሆኑ ደቃቁ አቧራ ይሞላበትና ጥርሱ ከወለሉ ጋር መገናኘቱን ያቆማል። በሚያዝያ ንፋስ በበዛባቸው ምሽቶች በየሦስት አራት ደቂቃው ቆም ብዬ የጫማዬን ሥር በመዳፌ መጥረግ ነበረብኝ። መዳፌ ላይ የሚቀረው ዱቄት የመሰለ ቡናማ ብናኝ ነው፤ ከተጠረገ በኋላ ጎማው ወዲያው ወደ ቀድሞው መቆንጠጡ ይመለሳል፣ ነገር ግን አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ቀለበቱ ከተመላለስኩ በኋላ እንደገና መንሸራተት ይጀምራል። እርጥብ ጨርቅ ከሜዳው ዳር አስቀምጦ በየእረፍቱ መርገጥ ከመዳፍ የተሻለ መፍትሔ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ጨርቁ በደንብ የተጨመቀ መሆን አለበት፣ ውኃ የቋጠረ ከሆነ ግን ብናኙን ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ልሙጡ ሊሾ ላይ ሞክሬው ነበር፤ በዚያ ላይ ይህ ጎማ ጨርሶ አይታመንም። ሜዳው ላይ ውኃ ባይታይም እንኳ ወለሉ ጠቆር ብሎ ከታየ አለመጫወት ይሻላል።

ዋናው ጉድለት የጎማው ዕድሜ ነው። ጎማ ሲለሰልስ ወለልን የበለጠ ይይዛል፤ በዚያው ልክ ግን ቶሎ ይበላል። አሸዋው የወጣበት ሲሚንቶ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በእያንዳንዱ መቆምና መዞር ከጎማው ጥቂት ይወስዳል። በገዛሁት ዕለት የጥርሱን ጥልቀት በክብሪት እንጨትና በማስመሪያ ለክቼ 3 ሚሊሜትር አግኝቼ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ከግራው ጫማ አውራ ጣት ሥር ያለው ቦታ 2 ሚሊሜትር ሆኖ ነበር፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከ1 ሚሊሜትር በታች ወርዷል። በዚያው ጫማ ተረከዝ ላይ ያለው ጥርስ ግን ብዙም አልተነካም። ከሁለቱ ግራው በይበልጥ የተበላው በቀኝ እጅ የሚጫወት ሰው ወደ ቀለበቱ ሲገባ የሚነሳው በግራ እግሩ በመሆኑ ነው፤ በግራ እጁ የሚጫወተው ባልደረባችን ጫማው ያለቀው በቀኙ ነው። ጥርሱ ባለቀበት ቦታ ላይ የሩብ ብር ሳንቲም የሚያህል ልሙጥ ክብ ተፈጥሯል፤ በግንቦት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያንሸራተተኝም በትክክል እርሱ ነው። በእንጨት ወለል ላይ ብቻ ለሚጫወት ሰው ይህ ጎማ ሁለት ዓመት ሊያገለግል ይችላል ብዬ እገምታለሁ። በእኛ ሜዳ ግን አምስት ወር ነው የቆየው፤ 6,200 ብር ለአምስት ወር ማካፈል ለሚችል አንባቢ ስሌቱን እተወዋለሁ።

ወደ ስፖንጁ ስመጣ አስተያየቴ ለሁለት ይከፈላል። ኢቪኤ በውስጡ እጅግ ጥቃቅን የታሸጉ የአየር ክፍሎች ያሉት ፎም ነው፤ እግር ሲያርፍበት እነዚህ ክፍሎች ይጨመቃሉ፣ እግሩ ሲነሳ ቀስ ብለው ይመለሳሉ። ጫና ሲደጋገምባቸው ግን አንዳንዶቹ ሳይመለሱ ይቀራሉ፤ ተጫዋቾች "ስፖንጁ ተኛ" የምንለው ይህንን ነው። በዚህ ጫማ የፊተኛው ክፍል ስፖንጅ ስስ ሲሆን፣ ለጋርድ ይህ ጥሩ ነው። እግር ወለሉን ስለሚሰማው አቅጣጫ መቀየር ይቀላል፤ ወፍራም ስፖንጅ ላይ የቆመ ተጫዋች ለመነሳት በመጀመሪያ ስፖንጁን መጫን ይኖርበታል። ተረከዙ ላይ ግን ለሲሚንቶ የሚበቃ ውፍረት የለውም። ሰው ዘሎ ሲያርፍ እግሩ የሚሸከመው ከሰውነቱ ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጫና ነው፤ የእንጨት ወለል ከሥሩ ጎንበስ ብሎ የጫናውን የተወሰነ ክፍል ሲቀበል ሲሚንቶ ግን ምንም አይቀበልም፤ ሁሉንም ለጫማውና ለጉልበት ይተወዋል። እስከ ሚያዝያ ድረስ ከጨዋታ በኋላ ምንም አይሰማኝም ነበር። ከግንቦት ጀምሮ ግን በማግስቱ ጠዋት ደረጃ ስወርድ ከጉልበቴ በታች ያለው ጅማት ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ በዚያው ወቅት ከስፖንጁ ጎን ላይ፣ በተረከዙ በኩል፣ አግድም የሄዱ ስስ መጨማደዶች መታየት ጀምረው ነበር። መጨማደዱ የስፖንጁ መተኛት ምልክት ስለሆነ አሮጌ ጫማ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ቦታ ይህ ነው። በአንድ ጥንድ ላይ በተከታታይ ቀናት አለመጫወት ስፖንጁ ለመመለስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ እኔም ከግንቦት አጋማሽ ወዲህ ከአሮጌው ጋር እያፈራረቅኩ ስለተጫወትኩ የጉልበቴ ሕመም ቀንሶልኛል።

የአንገቱ አጭርነት ብዙ ያነጋገረን ጉዳይ ነው። ሜዳችን ላይ ከሚመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ረጅም አንገት ያለው ጫማ ቁርጭምጭሚትን ከመዞር ያድናል ብለው ያምናሉ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ከዞርኩ በኋላ እንደዚያው አምን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 622 የኮሌጅ ተጫዋቾችን ረጅም አንገት፣ አየር የሚሞላ ረጅም አንገትና አጭር አንገት ባላቸው ጫማዎች ከፋፍሎ ለአንድ የውድድር ወቅት ሲከታተል በመካከላቸው የጎላ ልዩነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ከ10,000 በላይ የተጫዋች ተሳትፎዎችን ተመልክቶ የደረሰበት ነገር ለእኔ የበለጠ አሳሳቢ ነበር። ቀድሞ ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ተጫዋች እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል፤ ተረከዙ ውስጥ የአየር ከረጢት ያለበት ጫማ ያደረገ ከአራት እጥፍ በላይ፤ ከጨዋታ በፊት ጡንቻውን ሳያፍታታ የገባ ደግሞ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ተጋላጭ ነው። ከጉዳቶቹ ግማሽ ያህሉም የደረሱት ከዝላይ በማረፍ ላይ ሳለ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የአንገቱን ርዝመት መጠየቅ ትቼ ተረከዙ ምን ያህል ከመሬት ከፍ እንዳለና ጎማው ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሰፋ መመልከት ጀመርኩ።

በዚህ በኩል ጫማው ከሞከርኳቸው ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ከትንሿ ጣት ጎን ላይ ጎማው ከጫማው አካል በግማሽ ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ መደገፊያ ያገለግላል፤ ተጫዋቹ ወደ ጎን ሲገፋ ጫማው ከመገልበጥ ይልቅ በዚያ መደገፊያ ላይ ይቆማል። ተረከዙን ከኋላ የሚይዘው ክፍል በአውራ ጣት ቢጫኑት የማይጎብጥ ጠንካራ ነው። ስፖንጁም ዝቅ ያለ ስለሆነ እግር ለመሬት ቅርብ ነው። ለተረከዝ ያንሳል ብዬ የወቀስኩት ያው ስስነት እዚህ ላይ ጥቅም ሆኖ መገኘቱን መካድ አልችልም። በመጋቢት አንድ ምሽት ሪባውንድ (ሳይገባ ከቀለበቱ ነጥሮ የተመለሰ ኳስ) ለመያዝ ዘልዬ ስወርድ የሌላ ተጫዋች እግር ላይ አረፍኩ፤ ከዚህ ቀደም ሁለቱንም ጊዜ የዞርኩት በዚሁ ዓይነት አወራረድ ነበር። ጫማው ወደ ውጭ ማዘንበል ሲጀምር መደገፊያው መሬት ነክቶ ያዘኝ፣ ከትንሽ መሳሳብ በቀር ምንም ሳልሆን ጨዋታውን ጨረስኩ። የዚያን ዕለት የቁርጭምጭሚት መያዣ አድርጌ ስለነበር ምስጋናውን ሙሉ በሙሉ ለጫማው መስጠት አልፈልግም።

የጨርቁን ጥንካሬ በተመለከተ መጠነኛ ስጋት ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ዛየን ዊልያምሰን የተባለው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ጨዋታው ከተጀመረ ደቂቃ ሳይሞላ ጫማው ከጎማው ተገንጥሎ ጉልበቱን መጎዳቱን ያየ ሰው በስስ ጨርቅ ላይ ሙሉ እምነት ለመጣል ይቸገራል። በእኔ ጫማ ላይ ግን እስካሁን ጨርቁ አልተቀደደም፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው የላስቲክ ሽፋን ብቻ ነው የተፋቀው።

ልኩን በሚመለከት አንባቢዎችን የማስጠነቅቀው ስለ ወርዱ ነው። ጫማው ከፊት በኩል ጠባብ ነው። በባዶ እግራቸው ወይም ክፍት ጫማ እያደረጉ ያደጉ ሰዎች የእግራቸው የፊት ክፍል ሰፋ እንደሚል በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ከገጠር መጥተው ባሕር ዳር የሚማሩ አብዛኞቹ ተጫዋቾቻችን እግራቸው እንደዚያ ነው። ከመካከላቸው ሦስቱ ጫማዬን ለክተውት የሁሉም ትንሿ ጣት ተጨንቃ ወጥታለች። እንዲህ ያለ እግር ያለው ሰው ቁጥር ከፍ አድርጎ ቢገዛ ወርዱ ቢበቃውም ተረከዙ ውስጥ ይዋልላል፤ ስለዚህ ሌላ ጫማ መፈለግ ይሻለዋል። የእኔ እግር መካከለኛ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨርቁ ተለማመደልኝ። ሲለካ ከረጅሙ ጣት በፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ሊተርፍ ይገባል፤ መለካትም ያለበት ከሰዓት በኋላ ነው፣ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ስለሚያብጥ። የሚጫወቱበትን ወፍራም ካልሲ ይዞ ሄዶ፣ ሁለቱንም እግር አድርጎ፣ ሱቁ ውስጥ ጥቂት መዝለል ነውር አይደለም፤ ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁር እንኳ ገንዘቡ የገዢው ነው። ክሩን በተመለከተ፣ ከላይ ያለውን የመጨረሻ ቀዳዳ ተጠቅሞ ቀለበት ሠርቶ ማሰር ተረከዝ ወደ ላይ እንዳይንሸራተት ይረዳል፤ ይህን ሳላደርግ በተጫወትኩባቸው የመጀመሪያ ቀናት ተረከዜ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

አሁን ወደ ማስቲሹ ልምጣ። በሚያዝያ መጨረሻ የቀኙ ጫማ ጎማ በጣቶቹ በኩል አፉን መክፈት ጀመረ። በመጀመሪያ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ነበር፤ በሳምንቱ ግን ጣቴን አስገብቼ ስፖንጁን መንካት ቻልኩ። ከመነኻሪያው ብዙም ሳይርቅ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለሚሠሩ፣ ለዓመታት ለማውቃቸው ጫማ ሰፊ ወሰድኩላቸው። ገልብጠው ካዩት በኋላ፦

"ልጄ፣ ይሄን ሙቀት ነው የመታው። ማስቲሽ ብቻ ብቀባልህ ወር አይቆይልህም፤ ዙሪያውን ልስፋው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ መርፌው ስፖንጁን አይበሳውም?"

"ጎማው ወደ ላይ ታጥፎ በወጣበት በኩል ብቻ ነው የምይዘው። ስፖንጁን አልነካብህም፤ እዚሁ ቁጭ በልና እየው።"

ቁጭ ብዬ አየሁ። አሮጌውን ማስቲሽ በቢላ ፋቁ፣ የፋቁትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አሻከሩ፣ በሁለቱም በኩል ስስ አድርገው ቀብተው ጣት እስከማይዝ ድረስ አደረቁት፣ ከዚያም ገጥመው በመዶሻ መቱት። ቀጥለው በወስፌ እየበሱ ሰም በነካው የናይለን ክር ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ጥቅጥቅ አድርገው ሰፉት። ለሁለቱም ጫማ 200 ብር ተቀበሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎማው ንቅንቅ አላለም፤ የጣቶቹ አካባቢ ጥቂት ጠንከር ማለቱን ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች አስተውያለሁ። ብዙ ሰው አዲስ ስኒከር እንደገዛ ወዲያውኑ ማሰፋት ልማዱ ነው። ለቅርጫት ኳስ ጫማ ግን ይህን ከማድረግ በፊት ሥሩን መመልከት ይገባል፤ ጎማው ወደ ላይ ያልታጠፈ ወይም የአየር ከረጢት ያለበት ጫማ ከሆነ ወስፌው የሚበሳው የጫማውን ነፍስ ነው።

ክረምቱን በተመለከተ ጫማውን የጎዳሁት እኔው ነኝ። በሰኔ አንድ ምሽት ዝናብ ደብድቦኝ ቤት ስገባ ጫማውን ሳልነካው በር ላይ ትቼው፣ በማግስቱ ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ደርቆ ሳነሳው ጨርቁ ተኮማትሮ፣ ማስቲሹ በግራው ጎን ላይ ቢጫ ሆኖ ሸሽቶ ነበር። አሁን የማደርገው ሌላ ነው፦ የውስጡን ሶል አውጥቼ ለብቻው አሰጣለሁ፣ ጫማውን በጋዜጣ እሞላዋለሁ፣ ጋዜጣው ሲረጥብ እቀይረዋለሁ፣ ፀሐይም እሳትም በማይነካው ነፋሻ ጥግ አቆየዋለሁ። ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሽታም ሻጋታም አይይዘውም።

እርጥበት ሌላም ጉዳት አለው፤ ልባሽ ለሚገዛ ሰው ይህ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው። አንዳንድ ጫማዎች መካከለኛ ክፍላቸው ከኢቪኤ ሳይሆን ፖሊዩሬቴን ከሚባል ሌላ ፎም የተሠራ ነው። ይህ ፎም አየር ውስጥ ካለ እርጥበት ጋር በዝግታ እየተዋሐደ ከዓመታት በኋላ ይበሰብሳል፤ ጫማው ተደርጎ ባያውቅ እንኳ ካርቶን ውስጥ እንዳለ ይሞታል። ባልደረባችን ከልባሽ ነጋዴ የገዛው፣ ከላይ ሲታይ አንድም ጭረት የሌለበት ጫማ በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ተረከዙ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ ሜዳው ላይ ቀርቷል። ያን ጫማ ለመግዛት ሁለት ወር ቆጥቦ ስለነበር ፍርፋሪውን ከሲሚንቶው ላይ ሲለቅም ሁላችንም አዝነናል። ስለዚህ ልባሽ ስትገዙ ስፖንጁን በጥፍራችሁ ጫኑት፤ ጥፍሩ ሲነሳ መልሶ የማይነፋ፣ ስንጥቅ የሚያሳይ ወይም ዱቄት የሚተው ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አስቀምጡት። ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እንደሚጨመቅ ልብስ ጠምዝዙት፤ መሐሉ ላይ በቀላሉ የሚጠመዘዝ ከሆነ ቅስቱን የሚደግፈው ፕላስቲክ የለበትም ወይም ተሰብሯል። ከዚያ ወደ ላይ እጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ከሚታጠፉበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ኮፒዎቹን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጣቸው ይህ ነው፤ መልኩን አስመስለው ሠርተው ውስጡን ባዶ ይተዉታል።

ታዲያ ይህን ጫማ ማን ይግዛው? ጣሪያ ባለው፣ በሚጠረግ ወለል ላይ የሚጫወት፣ ክብደቱ ከ80 ኪሎ ያልበለጠ፣ እግሩ ጠባብ ወይም መካከለኛ የሆነ ጋርድ ከሆነ ሳልጠራጠር እመክረዋለሁ፤ መሬት አያያዙም ወደ ጎን ያለው ድጋፍም ለዋጋው ከሚጠበቀው በላይ ነው። ከቀለበቱ ሥር ለሚጫወት ከባድ ሰው አልመክረውም፣ ተረከዙ አይችለውም። በሲሚንቶ ላይ ብቻ ለሚጫወት ደግሞ ጎማው ጠንከር ያለ፣ ጥርሱ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር የሚጠልቅና በጥርሶቹ መካከል የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ክፍተት ያለው ሌላ ጫማ ይፈልግ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከዚህኛው ያነሰ ይቆነጥጥለታል፣ በአምስተኛው ወር ግን የበለጠ። እኔም ለመስከረም የምፈልገው እንደዚያ ያለውን ነው። ይኸኛውን አጥቤ፣ ጋዜጣ ሞልቼ፣ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ግራው ላይ ያለው ልሙጥ ክብ እስኪሰፋ ድረስ አዳራሽ ውስጥ ለምናደርጋቸው ጨዋታዎች ብቻ አወጣዋለሁ።